ከበረዶ ሥር የሚበቅለው ምግብ፦ የዋልታ ባሕሮች አልጌ መቼ፣ የትና ለማን?

ማርች 2020 ላይ ፖላርሽተርን የምትባለው የጀርመን የምርምር መርከብ በአርክቲክ ባሕር መሃል በበረዶ ተይዛ ነበር። አደጋ ደርሶባት አይደለም። ከ2019 መከር ጀምሮ ሆን ብላ ራሷን ከአንድ ሰፊ የበረዶ ንጣፍ ጋር አስራ፣ በረዶው በወሰዳት አቅጣጫ እየተንሳፈፈች ነው። ለወራት የቆየው ጨለማ ገና ማብቃቱ ነው። ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ማለት ከጀመረች ብዙም አልቆየች። ባሕሩን ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው በረዶ ሸፍኖታል። በበረዶው ላይ ደግሞ አመዳይ ተከምሯል። ከዚያ ሥር ያለው ውሃ ለሰው ዓይን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

እዚያ ጨለማ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ማደግ ጀምረው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት የምንለው የዋልታውን ብርዳምና ጨለማ ወቅት፣ በጋ የምንለው ደግሞ ሞቃቱን ወቅት ነው።)

የአልፍሬድ ቬገነር ተቋም ተመራማሪዋ ክላራ ሆፐና ባልደረቦቻቸው ይህን ውጤት በ2024 ይፋ አደረጉ። ከበረዶው ሥር ያስቀመጧቸው መሣሪያዎች ኢምንት ብርሃን እንኳ መለካት የሚችሉ ነበሩ። አልጌዎቹ ማደግ ሲጀምሩ ያገኙት ብርሃን፣ በጠራ ቀን ሜዳ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን አሥር ሺህኛውን እንኳ አይሞላም። ሳይንቲስቶች «ከዚህ በታች ፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ መሥራት) ሊኖር አይችልም» ብለው በስሌት ካስቀመጡት ወሰን እጅግ የተጠጋ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር በቤተ ሙከራ ሳይሆን እዚያው ባሕሩ ውስጥ ሲታይ በጣም ይደንቃል።

የዋልታ በረዶ እየቀነሰ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። በሴፕቴምበር 2012 የአርክቲክ ባሕር በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር። ሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በማርች 2025 ደግሞ በዓመቱ ከሁሉ ሰፊ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ 14.33 ሚሊዮን ብቻ ደረሰ። ለወቅቱ ይህም ዝቅተኛ ሆኖ ተመዘገበ። በደቡብ በኩል በአንታርክቲካ ዙሪያ፣ በ2023 ክረምት የነበረው በረዶ ከዚያ በፊት ታይቶ በማያውቅ ደረጃ ትንሽ ነበር።

ታዲያ አንዳንዱ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል። በረዶ ከቀነሰ ብርሃን ይበዛል። ብርሃን ከበዛ አልጌ ይበዛል። አልጌ ከበዛ ዓሣ ይበዛል፤ ከአየር ላይ የሚወሰደው ካርቦንም ይጨምራል። ታዲያ ምን ከፋ?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከፊሉ እውነት ነው፤ ቁጥሩም ይደግፈዋል። እኔ ግን ሰዎች የአልጌውን ብዛት ብቻ ሲቆጥሩ ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል ባይ ነኝ። ወሳኙ አልጌው መቼ በቀለ፣ የት በቀለ፣ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። ይህን ለማየት መጀመሪያ እዚያ በረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

አልጌ ሲባል ብዙዎቻችን በኩሬ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር እናስባለን። እዚህ የምናወራው ግን ያለ ማይክሮስኮፕ ስለማይታዩ፣ አብዛኞቹ ባለ አንድ ሕዋስ ስለሆኑ ፍጥረታት ነው። ሥርም ቅጠልም የላቸውም። ሥራቸው ግን የቅጠል ሥራ ነው። የፀሐይ ብርሃን፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስደው ምግብ ይሠራሉ፤ ኦክስጅን ይለቃሉ። በውሃ ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚኖሩት ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። ክብደታቸው ቢመዘን ግን ከዓለም ዕፅዋት ሁሉ አንድ በመቶ ቢሆን ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግማሹ ከባሕር አልጌ ነው» የሚል ነገር በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። ይህ አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሕር ውስጥ ከሚመረተው ኦክስጅን አብዛኛውን እዚያው ያሉ ፍጥረታት መልሰው ይጠቀሙበታል። የአልጌዎቹ ትልቁ ውለታ ምግብ መሆናቸው ነው። ከባሕር ዳርቻ ራቅ ሲባል በዋልታ ውሃ ውስጥ ሌላ የሚበላ ተክል የለም። ሽሪምፕ ከሚመስለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ከክሪል እስከ ዓሣ ነባሪ፣ በውሃ ውስጥ ከምትንሳፈፈው ኢምንት እንስሳ ከኮፔፖድ እስከ ነጩ ድብ ድረስ ሁሉም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚበላው እነሱ የሠሩትን ነው።

በበረዶ ውስጥ የሚኖሩት አብዛኞቹ ዳያቶም የሚባሉት ናቸው። ዳያቶም መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተሠራ ቅርፊት አለው። በዋልታ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት አይደለም። በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ አካባቢ የሚገኘው ዳያቶማይት የሚባለው ነጭና ቀላል ማዕድን በጥንት ሐይቆች የኖሩ ዳያቶሞች ቅርፊት ክምችት ነው። የዋልታዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው መኖሪያቸው ነው።

የባሕር ውሃ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። በረዶ ሲሆን ታዲያ ጨውን አብሮ አይዝም። ጨው ተገፍቶ ይወጣል። ከፊሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የቀረው በበረዶው መሃል በቀጫጭን ቦዮችና ኪሶች ውስጥ እጅግ ጨዋማ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የባሕር በረዶ ድፍን አይደለም። ከታች በኩል ቆርጦ ላየው ሰው እንደ እንጀራ ዓይን ብስ ብስ ያለ ነው። አልጌዎቹ የሚኖሩት በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

ተመራማሪዎች በረዶውን በክብ መሰርሰሪያ ሰርስረው ረጅም ድብልብል ምሰሶ ያወጣሉ። በበረዶው ላይ አጋድመው ያዩታል። ከላይ ነጭ ነው። መሃሉ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይሄዳል። ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ድንገት ይለወጣል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ቡናማ ናቸው። በጣት ሲነኩት ልስልስና ሙልጭልጭ ይላል። ያ ቡናማ ነገር አልጌ ነው። በፀደይ ወቅት በዚያች ስስ ንጣፍ ውስጥ ያለው አልጌ፣ ከሥሩ ካለው ውሃ ጋር ሲነጻጸር በመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ይህን ቀለም መጀመሪያ ያዩት የዘመናችን ሰዎች አይደሉም። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ሁከር ከ1839 እስከ 1843 ከጄምስ ክላርክ ሮስ ጋር ወደ ደቡብ ሲጓዝ በረዶውን ያቀለሙት ዳያቶሞች መሆናቸውን መዝግቧል። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰንም ከ1893 ጀምሮ ፍራም በተባለችው መርከብ በበረዶ ተይዞ ሲንሳፈፍ፣ ከበረዶው ያገኛቸውን አልጌዎች በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ነገሩ ከታወቀ መቶ ሰማንያ ዓመት አለፈው ማለት ነው። ምን ያህል አልጌ እንዳለና ለማን እንደሚጠቅም በቅጡ መመርመር የተጀመረው ግን በቅርቡ ነው።

ለምን ታችኛው ጫፍ ላይ ተሰበሰቡ? ምክንያቱ ብርዱና ጨዉ ነው። በረዶው ከላይ የሚነካው አየር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ከታች የሚነካው ባሕር ግን ከዜሮ በታች 1.8 ነው፤ ከዚያ አይወርድም። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ብርዱ ይጠነክራል፤ በቀዳዳዎቹ ያለው ፈሳሽም እየጠበበና እየጨወየ ይሄዳል። የተለመደው የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ በረዶ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ከ200 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ውስጥ ሕዋስ ውሃው ተመጥጦ ይሟሽሻል። ታች ግን ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ንጥረ ነገርም ከውሃው ይገባል። አንታርክቲካ ላይ ሁኔታው ትንሽ ይለያል። እዚያ ብዙ አመዳይ ስለሚወርድ ክብደቱ በረዶውን ከውሃ በታች ይጫነዋል። የባሕር ውሃ ከላይ ይገባና በአመዳዩና በበረዶው መካከል ሌላ የአልጌ መኖሪያ ይፈጥራል።

ዳያቶሞቹ ብርዱን የሚቋቋሙበት ዘዴ ብዙ ነው። የሕዋሳቸው ሽፋን በብርድ በማይደርቅ ቅባት የተሠራ ነው። በረዶን የሚይዙ ፕሮቲኖችን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ፕሮቲኖቹ የበረዶው ክሪስታል እንዳሻው እንዳያድግና ቀዳዳውን እንዳይደፍን ያደርጋሉ። ዙሪያቸውንም በንፍጥ መሰል ዝልግልግ ነገር ይከልላሉ። ቀለማቸው ቡናማ የሆነው ደግሞ በረዶን አልፎ የሚደርሰውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን አጥምዶ የሚይዝ ቀለም ስላላቸው ነው። ፍራጂላርዮፕሲስ ሲሊንድረስ የሚባለው የዋልታ ዳያቶም የዘር ካርታው በ2017 ታትሟል። ከዚያ ካርታ ሩብ ያህሉ እርስ በርስ በእጅጉ የሚለያዩ ሁለት ቅጂዎች አሉት። ሕዋሱ እንደ ብርሃኑና እንደ ብርዱ አንዱን ወይም ሌላውን ቅጂ ይጠቀማል።

በ2025 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየን። የማኑ ፕራካሽ ቡድን በ2023 ከአላስካ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከቹክቺ ባሕር በረዶ አምጥቶ፣ ዳያቶሞቹን በማይክሮስኮፕ ሥር በበረዶ ላይ ተከታተለ። ዳያቶሞቹ ይንሸራተቱ ነበር። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ እንኳ አልቆሙም። ዘንግ መሳይ አካላቸው ሳይታጠፍ፣ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እግር የላቸውም፤ ጅራትም የላቸውም። ከቅርፊታቸው ስንጥቅ የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ፤ እሱ በረዶው ላይ ሲይዝ ራሳቸውን ወደፊት ይጎትታሉ። ለመጎተት የሚጠቀሙባቸው አክቲንና ማዮሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች እኛም በጡንቻችን ውስጥ ያሉን ዓይነት ናቸው። በሞቃት ባሕር የሚኖሩ ዘመዶቻቸው በረዶ ላይ ሲቀመጡ እንዲህ መንሸራተት አልቻሉም። ይህ ችሎታ በበረዶው ውስጥ ብርሃንና ምግብ ወዳለበት ቦታ ለመሄድ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

እስካሁን ያወራነው በበረዶው ውስጥ ስለሚኖሩት ነው። ከበረዶው በታች በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትስ?

ለብዙ ዘመን መልሱ ቀላል ይመስል ነበር። በረዶ ብርሃን ይከለክላል፤ ስለዚህ በረዶው እስኪቀልጥ ውሃው ውስጥ ምንም አይበቅልም ይባል ነበር። በጁላይ 2011 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በረዶ ሰባሪ መርከብ ሂሊ፣ ኬቪን አሪጎ የሚመሩትን የናሳ የምርምር ቡድን ይዛ ወደ ቹክቺ ባሕር ገባች። በረዶው ከ0.8 እስከ 1.3 ሜትር ውፍረት ነበረው። ተመራማሪዎቹ ወደ በረዶው መሃል ሲገቡ አልጌው ይቀንሳል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን እየጨመረ ሄደ። ከበረዶው ጠርዝ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ገብተውም ከሥራቸው ያለው ውሃ አረንጓዴ ነበር። ከውጭ በረዶ ከሌለው ውሃ በአራት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ውጤቱ በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

ይህ እንዴት ሆነ? የድሮው የአርክቲክ በረዶ ብዙ ዓመት የኖረና ወፍራም ነበር። አሁን አብዛኛው በአንድ ክረምት የሚፈጠር ስስ በረዶ ነው። በበጋ አመዳዩ ሲቀልጥ በበረዶው ላይ ሰማያዊ ኩሬዎች ይፈጠራሉ። ኩሬዎቹ ብርሃንን እንደ ነጭ አመዳይ አይመልሱም፤ ወደ ታች ያሳልፋሉ። ከሥር ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ደግሞ በንጥረ ነገር የበለጸገ ነው። ብርሃኑ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ያሳስበኛል። የባሕር አልጌን የምንቆጥረው በዋናነት በሳተላይት ነው። ሳተላይት የውሃውን ቀለም ከላይ አይቶ ክሎሮፊሉን፣ ማለትም የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም፣ ይገምታል። በረዶ ሥር ግን ማየት አይችልም። አሪጎና ባልደረቦቻቸው በእነዚያ ውሃዎች በሳተላይት የተገመተው ምርት ከእውነተኛው እስከ አሥር እጥፍ ሊያንስ እንደሚችል ጽፈዋል። በ2024 ወደ ሕዋ የወጣው የናሳ ፔስ ሳተላይት የአልጌውን ዓይነት ለመለየት የሚያስችል ድንቅ መሣሪያ ይዟል። እሱም ቢሆን በረዶን አልፎ አያይም።

ያም ሆኖ በሳተላይት የታየው ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው። በ2020 በወጣ ሌላ ጥናት መሠረት ከ1998 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የአርክቲክ ባሕር ፋይቶፕላንክተን ምርት በ57 በመቶ ጨምሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭማሪው የመጣው በረዶ የሌለበት ባሕር ስለሰፋ ነው። በኋላ ግን ያው የባሕር ስፋት ራሱ ብዙ አልጌ ማብቀል ጀመረ። ተመራማሪዎቹ ከሌሎች ውቅያኖሶች አዲስ ንጥረ ነገር እየገባ ነው ብለው ያምናሉ።

እንግዲህ «ምን ከፋ?» የሚለው ሰው ጠንካራ ማስረጃው ይህ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አልጌው ጨምሯል። ጭማሪው ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል ማለትም አይደለም።

አልጌ ከብርሃን ሌላ ማዳበሪያ ይፈልጋል። በአርክቲክ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚያልቀው ናይትሬት ነው። ናይትሬት ያለው ጥልቁ ውሃ ውስጥ ነው። ወደ ላይ እንዲመጣ ውሃው መማሰል አለበት። የአርክቲክ ባሕር ግን ለመማሰል አይመችም። ከዓለም ውቅያኖስ ውሃ አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ ከዓለም ወንዞች ፍሰት አንድ አሥረኛ ያህሉን ይቀበላል። ኦብ፣ የኒሴይ፣ ሌና፣ ማኬንዚ ሁሉም እዚያ ይፈስሳሉ። በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ሌላ ጨው አልባ ውሃ ይጨመራል። ጨው አልባ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ተንሳፍፎ ከታች ያለውን ንጥረ ነገር ይዘጋበታል።

ከካናዳ ሰሜን ያለው ጥልቅ ባሕር ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ2009 የታተመ ጥናት ከ2004 እስከ 2008 የላይኛው ውሃ ጨው እየቀነሰ፣ ንጥረ ነገሩም እየመነመነ ሲሄድ እጅግ ጥቃቅኖቹ አልጌዎች እንደበዙ፣ ተለቅ ያሉት ደግሞ እንደቀነሱ አሳየ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ተለቅ ያለውን ዳያቶም ኮፔፖድ በቀጥታ ይበላዋል፤ ኮፔፖድን ዓሣ ይበላዋል። እጅግ ጥቃቅኑን አልጌ ግን ኮፔፖድ በቀጥታ አይይዘውም። መጀመሪያ ሌላ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ይበላዋል፤ ያንን ደግሞ ሌላ ይበላዋል። በየደረጃው ከምግቡ አብዛኛው ይባክናል። ስለዚህ ያው መጠን ያለው አልጌ በቅሎ ለዓሣው የሚደርሰው እጅግ ሊያንስ ይችላል።

ጊዜው ደግሞ ከዚህም የባሰ አሳሳቢ ነው። ካላነስ ግላሲያሊስ የምትባል አንዲት ኮፔፖድ አለች። ርዝመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አካሏ ጥርት ብሎ ስለሚያሳይ ውስጧ ያለው የቅባት ከረጢት በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በበጋ መጨረሻ አብዛኛውን አካሏን ይሞላዋል። ክረምቱን በጥልቅ ውሃ የምታሳልፈው በዚያ ቅባት ነው። ለአርክቲክ ኮድ የተባለው ዓሣና ለትናንሽ የባሕር ወፎች ዋና ምግብ የሆነችውም በዚያ ቅባቷ ነው።

ኑሮዋ ሁሉ በሁለት ድግስ መካከል የተቀመጠ ነው። በስቫልባርድ ደሴቶች ሰሜን በሚገኘው ራይፕ ፊዮርድ ተመራማሪዎች በደንብ ተከታትለዋታል። ኤፕሪል ላይ የበረዶው አልጌ ይበቅላል። እናቶቹ ወደ ላይ ወጥተው ያንን እየበሉ እንቁላል ይጥላሉ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ በረዶው ሲለቅ የውሃው አልጌ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ልጆቹ ተፈልፍለው፣ አፋቸው ለመብላት ደርሶ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ድግስ ለእናት፣ ሁለተኛው ለልጅ ነው።

አሁን በረዶው ቀድሞ ይለቅ። የውሃው አልጌ በሁለት ወር ፈንታ በሦስት ሳምንት ይከተል። እንቁላሎቹ ገና ተፈልፍለው ሳያበቁ ሁለተኛው ድግስ ይነሳል። ልጆቹ ሲደርሱ አልጌው ንጥረ ነገሩን ጨርሶ ሰምጧል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል ነገሩ። በዓመቱ መጨረሻ የአልጌው ጠቅላላ ምርት ቢደመር ከድሮው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ካላነሷ ግን ቅባቷን አልሞላችም። በቦታዋ ከአትላንቲክ የሚመጣ አነስ ያለና ቅባቱ ያነሰ ዘመዷ ይገባል። ወፉም ያንኑ ያህል ምግብ ለማግኘት ብዙ እጥፍ ማደን ይኖርበታል።

የበረዶው አልጌ እስከምን ድረስ እንደሚደርስ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነጭ ድብን ይመልከት። አንዳንድ የበረዶ ዳያቶሞች ሌላ ፍጥረት የማይሠራው ልዩ ቅባት ይሠራሉ። ቅባቱ ሳይፈርስ ከአልጌ ወደ ኮፔፖድ፣ ከኮፔፖድ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አቆስጣ ይተላለፋል። ተመራማሪዎች በካናዳ አርክቲክ ከታደኑ ድቦች ጉበት ውስጥ አግኝተውታል። ድቡ አልጌ በአፉ አልነካም። የሚኖረው ግን በእሱ ነው። ያው ቅባት በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥም ለሺህ ዓመታት ስለሚቆይ ጥንት በረዶ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ለማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ባሕሩ ወለል ከሄድን አይቀር፣ በ2012 ክረምት ሊገባ ሲል የታየውን እናንሳ። በረዶው እጅግ በቀነሰበት በዚያ ዓመት ፖላርሽተርን በአርክቲክ መሃል ነበረች። አንትየ ቦቲየስ የሚመሩት ቡድን ካሜራ ወደ ጥልቁ አወረደ። ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ወትሮ ባዶ በሚመስለው ወለል፣ አረንጓዴና ቡናማ የአልጌ ክምር ተበትኖ ታየ። ሜሎሲራ አርክቲካ ነበር። ይህ ዳያቶም ከበረዶው ሥር በሜትር የሚለካ ረጅም ሰንሰለት ሠርቶ ይንጠለጠላል። በረዶው ሲሳሳና ሲቀልጥ ተላቀቀ፤ ሰመጠ። የባሕር ኪያር የሚባሉት የወለሉ እንስሳት እየበሉት ነበር። ያልተበላውን ባክቴሪያ ሲያብላላው ከሥሩ ያለው ጭቃ ኦክስጅን አጣ። ካርቦን ወደ ጥልቁ መውረዱ ጥሩ ነው ይባል ይሆናል። በረዶው በሙሉ ከጠፋ ግን ይህ አልጌ የሚንጠለጠልበት ነገር አይኖረውም።

ሜሎሲራ ሌላም ነገር ይዞ ይወርዳል። በ2023 የሜላኒ በርግማን ቡድን ባወጣው ጥናት በአልጌው ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ በአማካይ 31,000 የማይክሮፕላስቲክ ቅንጣት ተገኘ። በዙሪያው ካለው ውሃ አሥር እጥፍ ነው። ዝልግልግ አካሉ ፕላስቲኩን ያጣብቀዋል። የበላው ሁሉ አብሮ ይውጠዋል።

አንታርክቲካ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። ደቡብ ውቅያኖስ ናይትሬት ሞልቶታል። ፎስፌትም አለው። ግን አልጌው በዚያ ልክ አይበቅልም። አሜሪካዊው የባሕር ሳይንቲስት ጆን ማርቲን በ1980ዎቹ መጨረሻ የጎደለው ብረት ነው አለ። ብረት ወደ ባሕር የሚገባው በብዛት በአቧራ ነው። አንታርክቲካ በበረዶ የተሸፈነች ስለሆነች አቧራ የላትም። አልጌ የሚያስፈልገው ብረት እጅግ ትንሽ ነው፤ ያቺ ትንሽ ግን ከሌለች ፎቶሲንተሲስ ይደናቀፋል። ማርቲን በ1993 አረፈ። ሐሳቡን በባሕር ላይ የሞከረው የመጀመሪያው ጉዞ የተካሄደው እሱ ካረፈ ከወራት በኋላ ነው። ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተፈጥሮ ራሷ ሞክራዋለች። በ2019 እና 2020 የአውስትራሊያ ጫካ ሲቃጠል ጭሱና አመዱ ብረት ይዞ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተጓዘ። ከኒውዚላንድ እስከ ደቡብ አሜሪካ ባለው የደቡብ ውቅያኖስ ክፍል ከአውስትራሊያ የሚሰፋ የአልጌ ፍንዳታ በሳተላይት ታየ። በአንታርክቲካ ዳርቻ ደግሞ ግግሩ ሲቀልጥ ብረት ይለቃል። የባሕር በረዶውም በክረምት ብረት ያጠራቅምና በፀደይ ይለቀዋል። የክሪል ጫጩቶች ክረምቱን የሚያልፉት ከበረዶው ሥር ያለውን አልጌ እየቧጠጡ ነው። በረዶው ሲቀር የሚቀርባቸው መጠለያው ብቻ አይደለም።

ታዲያ ባሕሩ ላይ ብረት ብንበትን ካርቦን አይቀንስልንም? ይህ ሐሳብ ሞቶ አያውቅም፤ ዛሬም እየተመለሰ ነው። በተፈተነበት ቦታ ሁሉ ግን መልሱ አንድ አልነበረም። በ2004 በደቡብ ውቅያኖስ በተደረገው ኢፌክስ በተባለው ሙከራ ዳያቶም በቀለ፤ ቢያንስ ግማሹ ከ1,000 ሜትር በታች ሰመጠ። በ2009 ጀርመንና ህንድ ሎሃፌክስ ብለው ሌላ ሙከራ አደረጉ። ያን ጊዜ በውሃው ውስጥ ዳያቶም ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊካ አልቆ ነበር። በዳያቶም ፈንታ ሌሎች ጥቃቅን አልጌዎች በቀሉ። ኮፔፖዶች ወዲያው ግጠው በሏቸው። ወደ ጥልቁ የወረደው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ብረቱ ያው ብረት፣ ውቅያኖሱም ያው ውቅያኖስ ነበር። የተለየው የበቀለው የአልጌ ዓይነት ነው። በ2013 ቆሻሻ ወደ ባሕር መጣልን የሚገድበው የለንደን ፕሮቶኮል አባል አገሮች እንዲህ ያለውን ሥራ ለምርምር ካልሆነ በቀር በሚከለክል ማሻሻያ ላይ ተስማሙ። ትክክለኛ እርምጃ ይመስለኛል። ድግሱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ባሕር ላይ ብረት የሚዘራ ነጋዴ «ካርቦን ቀንሻለሁ» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የቀረውን የሚያየው ባሕሩ ነው።

ወደ ሰሜን ስንመለስ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2018 ዘጠኝ አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በግሪንላንዷ ኢሉሊሳት ስምምነት ፈረሙ። በአርክቲክ መሃል በሚገኘው፣ የማንም አገር ባልሆነው 2.8 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ የንግድ ዓሣ ማጥመድ እንዳይጀመር ተስማሙ። ስምምነቱ ከ2021 ጀምሮ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ዘመኑ 16 ዓመት ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና አብረው የፈረሙበት፣ ማጥመጃ መረብ ሳይገባ በፊት የተደረገ ስምምነት ነው። እንዲህ ያለ ቅድመ ጥንቃቄ በዓለም ብዙም አናይም።

ስምምነቱ የጋራ ምርምርም ያዛል። እዚህ ላይ ነው ስጋቴ። ምርምሩ ዓሣ ቆጠራ ብቻ ከሆነ፣ ወይም በሳተላይት የታየውን አረንጓዴ ቀለም ይዞ «ባሕሩ ለምቷል» ካለ፣ በ2037 ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ግማሹን ሳያዩ ይወስናሉ። መርከቦች ወደዚያ የሚሄዱት በብዛት በበጋ ነው። አልጌው ምን ያህል እንደሚበቅል የሚወስነው ናይትሬት ግን የሚጠራቀመው በጨለማው ክረምት ነው። የበረዶው አልጌ የሚነሳው ሰው ገና ሳይደርስ ነው። በደቡብ ውቅያኖስ ከ2014 ጀምሮ ተንሳፋፊ ሮቦቶች ክረምቱን ሙሉ ከበረዶ ሥር ናይትሬትና ኦክስጅን ይለካሉ። የለኩትን ይዘው ይቆዩና በረዶው ሲከፈት ወጥተው በሳተላይት ይልካሉ። በአርክቲክ መሃል በረዶው ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሥራው ይከብዳል። ቢከብድም ከበረዶው ጋር የሚንሳፈፉ ጣቢያዎችን ክረምቱን ሙሉ ማቆየት፣ የናይትሬቱን ክምችት፣ የሁለቱን ድግሶች ቀንና የካላነሷን ቅባት ዓመት ከዓመት መመዝገብ ይቻላል። ፈራሚዎቹ አገሮች ለዚህ የሚሆን በረዶ ሰባሪ መርከብም ገንዘብም አላቸው።